የእናት ፊት በዘፈን ወረቀት ላይ

በ1915 በኒው ዮርክ የታተመ አንድ የዘፈን ወረቀት አለ (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሽፋኑ ላይ ፀጉሯ የሸበተ እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ሊነጥቃት የመጣ ያለ ይመስላል። በዙሪያቸው ጦርነት ይታያል። ርእሱ «ልጄን ለወታደርነት አላሳደግሁትም» ይላል፤ መታሰቢያነቱም በያለችበት ላለች እናት ሁሉ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ ሌላ ወረቀት ወጣ። እዚህም እናትና ልጅ አሉ። ልጁ ግን የወታደር ልብስ ለብሷል፤ እናቲቱም ልታስቀረው አትታገልም፣ ለአገሯ ታስረክበዋለች እንጂ። የዚህኛው ርእስ «አሜሪካ ሆይ፣ ልጄ ይኸውልሽ» ነው። የአሜሪካ እናት ሁሉ ስሜት ይህ ነው የሚል ቃልም ታክሎበታል።

ሁለቱም የተሸጡት ለአንድ ሕዝብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የእናቲቱን ሐሳብ ምን ገለበጠው? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ የዘፈን ወረቀት ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ያ ዘመን ሬዲዮ ቤት ያልገባበት ዘመን ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሥራ የጀመሩት በ1920 አካባቢ ነበር። የሸክላ ማጫወቻ ነበረ፤ ግን ዘፈን ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በፒያኖ በኩል ነበር። በ1909 ብቻ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ360,000 በላይ ፒያኖ ሠርተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው የወደደውን ዘፈን ለመስማት ኖታውንና ግጥሙን በወረቀት ገዝቶ፣ ቤቱ ወስዶ፣ ራሱ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ይጫወተዋል። ወረቀቱ በአብዛኛው አራት ወይም ስድስት ገጽ ነው። ፊቱ ላይ ሥዕል፣ ውስጡ ኖታና ግጥም፣ ጀርባው ላይ ደግሞ አሳታሚው ሊሸጣቸው የሚፈልጋቸው የሌሎች ዘፈኖች ማስታወቂያ ይወጣበታል። እንደ ዉልወርዝ ባሉ የርካሽ ዕቃ መደብሮች በአሥር ሳንቲም ይገኝ ነበር። በመደብሩ ውስጥ ፒያኖ የምትጫወት ሠራተኛ ተቀምጣ ደንበኛ የመረጠውን ታሰማለች፤ ደስ ያለው ይገዛል።

በየቤቱ ፒያኖ የሚማሩት በብዛት ሴቶች ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፒያኖ መጫወት ለደኅና ቤት ልጅ እንደ ጥልፍ የሚቆጠር ሙያ ነው። እንግዲህ ግጥሙን የሚጽፈው፣ ዜማውን የሚደርሰውና ሽፋኑን የሚሥለው በአብዛኛው ወንድ ሲሆን፣ ገዝታ ወደ ቤት የምታስገባው በአብዛኛው ሴት ናት። በጦርነቱ ዘመን ሽፋኖች ላይ እናት፣ እጮኛ፣ እኅትና ሕፃን የበዙበትን ምክንያት እዚህ ላይ አገኘዋለሁ። ሥዕሉ የሚያናግረው ወደ ግንባር የሚሄደውን ሳይሆን ቤት የምትቀረውን ነው።

ሥዕሉ ዝም ብሎ ጌጥ አልነበረም። ወረቀቱ ፒያኖው ላይ ሲቆም ፊቱን ወደ ሳሎኑ ያዞራል፤ ሙዚቃ ባይኖርም እንግዳ ሲገባ ያየዋል። አሳታሚዎቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እንደ አልበርት ባርቤልና እንደ ስታርመር ወንድማማቾች ያሉ ሠዓሊዎች ሥራቸው ይኸው ነበር፤ ፊርማቸው በሽፋኑ ማዕዘን ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። ኅትመቱ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚሠራ ቀለም በበዛ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሽፋኖች በሁለት ወይም በሦስት ቀለም የተሠሩ ናቸው። ቀይና ሰማያዊ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ካረፉ የአሜሪካ ባንዲራ ተሟላ ማለት ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ለአታሚዎች ትልቅ ምቾት ሆነ። ኢ. ቲ. ፖል የተባለው የማርሽ ደራሲና አሳታሚ ግን በቀለም አይሰስትም ነበር፤ ፈረሰኞች፣ መድፎችና እሳት የሞሉባቸው አንጸባራቂ ሽፋኖቹ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው።

በብዙ ሽፋኖች ላይ ከሥዕሉ ጎን አንዲት ትንሽ ክፍት ቦታ ትተዋለች። እዚያ የሚገባው ዘፈኑን በመድረክ የሚጫወተው ዘፋኝ ፎቶግራፍ ነው። ዘፋኙ ሲለወጥ ፎቶግራፉ ይለወጣል፤ ለዚህም ነው የአንድ ዘፈን ወረቀት በተለያየ ሰው ፊት የሚገኘው። ለዘፋኙ ማስታወቂያ ነው፤ አሳታሚውም በዘፋኙ ዝና ወረቀቱን ይሸጣል። ንግዱ የተጧጧፈው በኒው ዮርክ 28ኛ መንገድ ላይ ነበር። ቲን ፓን አሌይ የሚለው ስም የወጣው ለዚህ ሰፈር ነው። በየፎቁ አሳታሚዎች ተደርድረው፣ የቀጠሯቸው ፒያኖ ተጫዋቾች አዲስ ዘፈን ለዘፋኞችና ለነጋዴዎች ሲያስተዋውቁ ይውሉ ነበር። ጆርጅ ገርሽዊን በ15 ዓመቱ ሥራ የጀመረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። «ልጄን ለወታደርነት አላሳደግሁትም» የአልፍሬድ ብራያን ግጥም ነው፤ ዜማው በአል ፒያንታዶሲ ስም ወጣ፣ አሳታሚው ሊዮ ፋይስት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 650,000 ያህል ቅጂ እንደተሸጠ ይነገርለታል። አውሮፓ በምሽግ ውስጥ ስትታረድ አብዛኛው አሜሪካዊ ከጦርነቱ መራቅን ይፈልግ ነበር። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በ1916 በድጋሚ ሲመረጡ ደጋፊዎቻቸው ያሰሙት መፈክር ከጦርነት ጠበቁን የሚል ነበር። ዘፈኑ ግን ጠላትም አላጣም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአደባባይ አወገዙት፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ልጄን ለፈሪነት አላሳደግሁትም ዓይነት መልስ የሚሰጡ ዘፈኖችን እያወጡ ከዝናው ለመቃረም ተሽቀዳደሙ። ዜማውም ራሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆነ፤ በ1916 ዳኛ ሌርነድ ሃንድ ከሌላ ዘፈን የተወሰደ መሆኑን ፈረዱ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1917 አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። የገበያው ፊት በአንድ ጊዜ ዞረ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የአልፍሬድ ብራያን ነገር ነው። እናቲቱን ልጄን አልሰጥም ያሰኛት ይኸው ገጣሚ፣ በዚያው በ1917 ልጅ ሁሉ ወታደር የሚሆንበት ጊዜ አሁን ነው የሚል ዘፈን ከሃሪ ቲየርኒ ጋር አወጣ። ሰውየውን ከሃዲ ብሎ መኮነን ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከአንድ ሰው ሕሊና ይልቅ የሙያው አሠራር ይታየኛል። የዘፈን ወረቀት የሚታተመው ዛሬ ተጽፎ በሚቀጥለው ወር እንዲሸጥ ነው። ሕዝቡ ሲፈራ ፍርሃቱን፣ ሲቆጣ ቁጣውን አሳምሮ መልሶ ይሸጥለታል።

መንግሥትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሰኔ 1917 የወጣው የስለላ ሕግ የወታደር ምልመላን ሆን ብሎ ያደናቀፈን ሰው እስከ 20 ዓመት እስራት ይቀጣል። ሕጉ ስለ ዘፈን አያወራም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር ልጄን አልሰጥም የሚል ወረቀት እንደ አዲስ ለማተም የሚደፍር ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። በጋዜጠኛው ጆርጅ ክሪል የሚመራው የሕዝብ ማስታወቂያ ኮሚቴ ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ የአራት ደቂቃ ንግግር የሚያደርጉ 75,000 ያህል በጎ ፈቃደኞችን አሰማራ። በእነዚሁ አዳራሾች ሕዝቡ ከስክሪኑ ላይ ግጥም እያነበበ በአንድ ድምፅ እንዲዘምር ይደረግ ነበር። በማሠልጠኛ ካምፖችም ወታደሩን የሚያዘምሩ መሪዎች ተመድበው ነበር።

የዚያ ዘመን ትልቁ ዘፈን የጆርጅ ኤም. ኮሃን «ኦቨር ዜር» ነው፤ እዚያ ማዶ እንደማለት። ኮሃን ጦርነቱ በታወጀ ማግሥት ጻፈው ይባላል። የዜማው መነሻ የጡሩንባ ጥሪ ነው። ሦስት ድምፆችን ብቻ ስለሚደጋግም ሙዚቃ ያልተማረ ሰው አንዴ ሰምቶ ይይዘዋል። ኖራ ቤይስ የተባለችው የመድረክ ኮከብ ዘፈነችው፣ ፎቶግራፏም ሽፋኑ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ሊዮ ፋይስት፣ ያው የ1915ቱን የእናት ወረቀት ያሳተመው ሰው፣ መብቱን በ25,000 ዶላር ገዛው። ለዚያ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ግን አልከሰረበትም። ወረቀቱ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ወደ ሁለት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ኮሃንም በ1936 የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳይ እንዲሸለም ወሰነለት።

ከዘፈኑ የተለያዩ ሽፋኖች አንዱን የሠራው ኖርማን ሮክዌል ነው። ያን ጊዜ ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ሥዕሉ ላይ ወታደሮች በሌሊት እሳት ዳር ተቀምጠው፣ አንዱ ባንጆ ይዞ፣ አፋቸውን ከፍተው ይዘፍናሉ። የእሳቱ ብርሃን ከታች ፊታቸው ላይ ያርፋል። ጠላት የለም፣ ምሽግ የለም፣ ደም የለም። ጉርምስናቸውን ያየ ሰው ለሽርሽር የወጡ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ሥዕል ላይ እናቲቱ ጭራሽ የለችም። በ1915 ልጇን አቅፋ የሽፋኑን መሀል ይዛ ነበር፤ በ1917 ከጎኑ ቆማ አስረከበችው፤ በ1918 ልጁ ያለ እናቱ ከጓደኞቹ ጋር ይዘፍናል። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ አገር ሕዝቡን ለጦርነት እንዴት እንዳዘጋጀ ከብዙ መጽሐፍ ባላነሰ ይረዳል።

የወረቀቱ መጠንም ታሪክ ይናገራል። ከጦርነቱ በፊት የነበረው የዘፈን ወረቀት ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ አካባቢ ወደ 30 በ23 ወረደ። ፋይስት በወረቀቶቹ ላይ ለመንግሥት ለመተባበርና ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል በትንሽ መጠን መታተማቸውን እያስታወቀ ይሸጥ ነበር። ገዢዋ አሥር ሳንቲሟን ስትከፍል አገሯን እየረዳች እንደሆነ ይነገራታል፤ አሳታሚውም ወጪው ይቀንስለታል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ወረቀቱ ወደ ድሮው ስፋቱ አልተመለሰም።

ልቤን ከሁሉ ይበልጥ የሚነኩት ሕፃናት ያሉባቸው ወረቀቶች ናቸው። በ1918 አል ጆልሰን የተጫወተው አንድ ዘፈን አለ፤ ርእሱ ስልክ አገናኟን በሁለቱ ምሽጎች መካከል ካለው ባዶ ሜዳ ጋር አገናኚኝ ይላታል። ጠሪው ሕፃን ነው። እናቱ ስትተኛ ጠብቆ ስልኩን አንሥቶ አባቱን ይፈልጋል። ያ ሜዳ ማንም ስልክ የማያነሣበት፣ የወደቀም ብዙ ጊዜ ሬሳው የማይነሣበት ቦታ መሆኑን ሰሚው ያውቃል፤ ሕፃኑ አያውቅም። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በ1901 ቻርልስ ኬ. ሃሪስ የሞተች እናቷን ለማግኘት ሰማይን በስልክ የምትጠራ ልጅ ዘፈን ጽፎ ትልቅ ገበያ አግኝቶበት ነበር። ደራሲዎቹ ያን የታወቀ እንባ አንሥተው ወደ ፈረንሳይ ግንባር ወሰዱት። ይህን እያወቅሁም ርእሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በንግድ ብልሃት የተሠራ ነገር እውነተኛ ሐዘን አይሸከምም ማለት አይቻልም፤ ያን ወረቀት ከገዙት መካከል አባት የሌለው ልጅ የሚያሳድጉ ነበሩና። በዚያ ጦርነት ወደ 116,000 አሜሪካውያን ወታደሮች አልቀዋል፤ ከግማሽ በላዩን የገደለው በሽታ ነው፣ በተለይም የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ። በኢንፍሉዌንዛ ካምፕ ውስጥ ስለሞተ ወታደር የተሣለ ሽፋን ግን አላየሁም።

ደራሲዎቹም ከጦርነቱ ውጪ የቆሙ አልነበሩም። «የቤቱን እሳት አታጥፉ» የሚለውን የብሪታንያ ዘፈን በ1914 ዜማውን የሠራው የ21 ዓመቱ አይቨር ኖቬሎ ነው። ግጥሙን የጻፈችው ለንደን የምትኖረው አሜሪካዊት ሊና ጊልበርት ፎርድ ነበረች። ቤት የቀሩት እንዲጽናኑ የጻፈችው እርሷ በመጋቢት 1918 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ቤቷ ውስጥ ከልጇ ጋር ሞተች። ኢርቪንግ በርሊን ደግሞ በ1918 ለውትድርና ተጠርቶ ካምፕ አፕተን ገባ። እዚያ ሆኖ በማለዳ መነሣትን የሚያማርር ወታደር ዘፈን ጻፈ። ወታደሩ በጣም ወደደው፤ ስለ ባንዲራ ሳይሆን ስለ ራሱ ቀን የሚያወራ በመሆኑ ይመስለኛል።

ጥቁር አሜሪካውያን በነዚህ ሽፋኖች ላይ የሚገኙበት ሁኔታ የሚያሳፍር ነው። ከንፈራቸውና ዐይናቸው ተጋንኖ፣ መሳቂያ ተደርገው የተሣሉባቸው ወረቀቶች ብዙ ናቸው፤ የወታደር ልብስ እንኳ ከዚህ አላዳናቸውም። በዚያው ጊዜ ከሃርለም የወጣው 369ኛው እግረኛ ሬጅመንት በፈረንሳይ ግንባር 191 ቀን ቆየ። የሬጅመንቱ ባንድ መሪ ሌተናንት ጄምስ ሪስ ዩሮፕ በመርዝ ጋዝ ተመትቶ ሆስፒታል ሳለ ስለ ሌሊት ቅኝት አንድ ዘፈን ደረሰ። ዘፈኑ በ1919 በእርሱ፣ በኖብል ሲስልና በዩቢ ብሌክ ስም ታተመ። ከቲን ፓን አሌይ ወረቀቶች የሚለየው ደራሲው በምሽጎቹ መካከል ያለውን ሜዳ በእግሩ የረገጠ መሆኑ ነው። ዩሮፕ ከጦርነት በሕይወት ተመልሶ በግንቦት 1919 ቦስተን ውስጥ በገዛ ከበሮ መቺው ተወግቶ ሞተ።

እኛን የሚመለከት ወረቀትም አለ፤ የመጣው ከጣሊያን ነው። በ1935 ሬናቶ ሚኬሊ ግጥሙን፣ ማሪዮ ሩቾኔ ዜማውን ሠርተው ካርሎ ቡቲ የዘፈነው «ፋቼታ ኔራ» አንዲትን ኢትዮጵያዊት እያናገረ፣ ከባርነት ነፃ አውጥተን ሮም እንወስድሻለን ይላታል። በጥቅምት 1935 ወረራው ሲጀመር ዘፈኑ በወታደሩ አፍ ላይ ነበር፤ በኖታ ወረቀትና በፖስትካርድም ተባዝቶ ተሰራጨ። እዚህ ሽፋን የሚሠራው ሥራ ከአሜሪካው ይለያል። የአሜሪካው ልጅሽን ስጪ ሲል የጣሊያኑ ወታደሩን ሌላ አገር ያለች ሴት ትጠብቅሃለች ይለዋል፤ መርዝ ጋዝ ይዞ የሚዘምተውን ጦር እንደ ነፃ አውጪ አድርጎ ያቀርበዋል። ውሸቱ ያጋለጠው ራሱን ነው። የፋሽስቱ መንግሥት ጣሊያናውያን ከአገሬው ሴቶች ጋር መኖራቸውን እንደ ውርደት ማየት ሲጀምር ዘፈኑ ሸከከው፣ ሊያፍነውም ሞከረ። በሚያዝያ 1937 ባወጣው ሕግ ደግሞ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በእኛ በኩል የጦርነት ዜማ ወረቀት አላስፈለገውም። ሽለላው፣ ቀረርቶውና ፉከራው በአፍ፣ የአዝማሪውም ግጥም በማሲንቆ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመውም በዚያው በ1935፣ ወረራው ከመጀመሩ በፊት፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ ነው።

ከ1920ዎቹ ወዲህ ሬዲዮው ቤት ሲገባ፣ ሸክላውም ድምፁ ሲጠራ፣ ዘፈን ለመስማት ፒያኖ የሚችል ሰው መፈለግ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘፈን ወረቀት መታተሙ አልቆመም፤ ሕዝቡ ዘፈኑን የሚያውቀው ግን መጀመሪያ ከሬዲዮና ከፊልም ነበር። ብዙ ሽፋኖችም ታሪክ ከሚነግር ሥዕል ይልቅ የዘፋኝ ወይም የተዋናይ ፎቶግራፍ ይዘው ይወጡ ጀመር።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወረቀቶች ዛሬ በቀላሉ ይታያሉ። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ14,000 በላይ የሚሆኑትን ይዟል፤ ስብስቡን በኢንተርኔት ማንም በነፃ ከፍቶ ያያል። በዚያ ከተማና በአካባቢው የምትኖሩ ደግሞ የአንባቢ መታወቂያ አውጥታችሁ የሙዚቃ ክፍሉን መጎብኘት ትችላላችሁ። ስታዩ ከሽፋኑ ማዕዘን የሠዓሊውን ፊርማ፣ በክፍቷ ቦታ የገባው የማን ፎቶግራፍ እንደሆነ፣ የሻጩ መደብር ማኅተም ካለም አድራሻውን ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ ገዢዋ ስሟን በእርሳስ ጽፋበታለች። የኋላውን ገጽም አትዝለሉት፤ ያ ዘፈን በወጣበት ወር አሳታሚው ሌላ ምን ሊሸጥ እንደፈለገ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።